ሽንኩርት ሰው የሚለምንበት ወር

ትምህርት ቤት የተማርኳቸው ወቅቶች አራት ናቸው፤ መጸው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት። አማቴ የሚያውቁት ግን ሁለት ብቻ ነው፦ ሰው ሽንኩርት የሚለምንበትና ሽንኩርት ሰው የሚለምንበት። አራቱን ያስተማሩኝ መምህር ደመወዝተኛ ነበሩ፤ አማቴ ደግሞ ሽንኩርት አብቃይ ናቸው። ማን ልክ እንደሆነ ለመፍረድ ኮምቦልቻ ወርዶ ዓመቱን ሙሉ መክረም ያስፈልጋል።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ሙጋድ ተወልጄ ያደግሁ፣ ቤቴን በደመወዝ የማስተዳድር፣ እጄ ከዶማ ይልቅ ማኅተም የለመደ ሰው ነኝ። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ናት። ወላጆቿ ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከምንጭ በተጠለፈ ቦይ ዳር፣ ሁለት ጥማድ የማትሞላ የአትክልት ማሳ አላቸው። ሳገባት "ቤተሰቦቿ ገበሬዎች ናቸው" ተብሎ ተነግሮኛል፤ ያልተነገረኝ እኔም ገበሬ መሆኔን ነው።

ሁለቱ ከተሞች በመኪና ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢራራቁ ነው። ደሴ ግን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጋቢዋን ተከናንባ ስትቀመጥ፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 ሜትር በታች ወርዳ በሸሚዝ ትውላለች። መካከላቸው ሐረጎ አለ፤ ክረምት ላይ ጉም የሚተኛበት፣ መንገዱ በራሱ ላይ የሚጠማዘዝ ቁልቁለት። መቶ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ከግማሽ ዲግሪ በላይ እንደሚጨምር መጽሐፉ ይናገራል፤ ሚኒባሱ ደግሞ በተግባር ያሳያል። ደሴ ላይ ጃኬቱን እስከ አንገቱ ዘግቶ የተሳፈረው ሰውዬ፣ ሐረጎ አልቆ ሜዳው ሲገለጥ "መስኮት ክፈቱ እንጂ፣ ልትገድሉን ነው?" እያለ ይጣላል። የደሴ አውሮፕላን ማረፊያ እንኳ ያለው ኮምቦልቻ ነው። አውሮፕላኑንም ቲማቲሙንም የምንቀበለው ከታች ነው። ይህን ለደሴ ሰው ደጋግሞ መንገር ደግ አይደለም፤ በተለይ እናቴ አትወደውም።

እናቴ ጦሳ ሥር፣ ከቤቷ ጀርባ፣ ጓሮ አላት። ሀበሻ ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ ጤናዳም፤ ሁሉም ብርድ የሚችሉ ደገኞች። እኔ ካገባሁ ወዲህ ግን ጥቂት እግር ቲማቲም ጨምራለች። ምክንያቱን ባትነግረኝም ይገባኛል፤ ከምራቷ ወላጆች ቲማቲም ተቀባይ ብቻ ሆኖ መኖር ከብዷታል። ቲማቲሞቹ ነሐሴ ላይ ይተከላሉ፣ ጥቅምት ላይ ያብባሉ፣ ኅዳር ላይ አረንጓዴ ፍሬ ይዘው ቀላን አልቀላን ሲሉ ውርጭ ይመጣል። ማታ ማታ ያረጀ ነጠላዋን ታለብሳቸዋለች። ኅዳር 12 ቀን፣ ሰፈሩ ሁሉ የ1911 ዓ.ም.ን የኅዳር በሽታ እያሰበ ቆሻሻውን ሲያጥን፣ እሷ የምታነደው ከአጥሩ ጥግ ሳይሆን ከቲማቲሙ አጠገብ ነው፤ ጢሱ በዚያው ውርጩንም እንዲያባርርላት።

አንድ ዓመት አንዲት ፍሬ ቀላች። እናቴ አልበላቻትም። ሳሎን ጠረጴዛው ላይ፣ በሰሐን አድርጋ፣ ጎረቤት ሁሉ ገብቶ እስኪያያት አስቀመጠቻት። ከዚያ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝና "ለእማማ አሳይልኝ፣ የጓሮዬ ናት በላቸው" አለችኝ። ይዤ ወረድኩ። አማቴ ፍሬዋን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩዋት።

"ማሻአላህ" አሉ። "ታማ ነበር እንዴ?"

ለእናቴ "በጣም ነው ያደነቁት" ብዬ ነው ያደረስኩት።

እንግዲህ በሁለቱ ወጥ ቤቶች መካከል የሚመላለሰው እኔ ነኝ። ከላይ ወደ ታች ድንችና ነጭ ሽንኩርት፣ ከታች ወደ ላይ ቲማቲም፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት እጭናለሁ። በስልክ ሲነጋገሩ "ምነው ተቸገሩ"፣ "ኧረ ምንም አይደል" ነው የሚባባሉት። ፉክክሩ ያለው ጆንያው ውስጥ ነው። ባዶ ዕቃ አይመለስምና እናቴ አሥር ኪሎ ድንች ከላከች የሚመለስላት አሥራ አምስት ኪሎ ቲማቲም ነው፤ አሥራ አምስቱን ካየች እንቅልፍ የላትም። በዚህ መሀል የሚጎብጠው የማን ጀርባ እንደሆነ አንዳቸውም ጠይቀው አያውቁም።

የሚኒባስ ረዳቶች ያውቁኛል። አንዱ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ጆንያውን በእግሩ ነካ አደረገና፣

"ይኼ ምንድን ነው?" አለኝ።

"ቲማቲም።"

"ስንት ሰው ነው?"

"ሰው አይደለም እኮ፣ ቲማቲም ነው።"

"ወንበር ከያዘ ሰው ነው፤ ላይ ከወጣ ዕቃ ነው። ምረጥ።"

ላይ ከወጣ ሐረጎ እንዴት እንደሚያደርገው ስለማውቅ ሰው አስብዬ፣ ሒሳቡን ከፍዬ፣ መስኮት አጠገብ አስቀመጥኩት። መኪናው ግን ሰዎቹንም በየመታጠፊያው አንዱን በአንዱ ላይ ነው የሚደርበው። ገና ሽቅቡን ሳንጋምስ ከጆንያው ጎን የተቀመጡ አንዲት እናት ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። "የኔ ልጅ፣ ይኼ ሰውህ እያለቀሰ ነው" አሉኝ።

የታችኛው ማሳ ዓመት የሚጀምረው መስከረም ላይ፣ በችግኝ መደብ ነው። ጥቁሩ የሽንኩርት ዘር በመስመር ይፈሳል፣ ደረቅ ሣር ይለብሳል፣ ጠዋትና ማታ ውሃ ይርከፈከፍበታል። ከስድስት እስከ ሰባት ሳምንት ድረስ አማቴ ከልጅ ልጆቻቸው አስበልጠው ይጠብቁታል። ዶሮ መደቡ ላይ ስትወጣ ካዩ የሚናገሩትን እዚህ አልጽፈውም፣ ለዶሮዋ ክብር ስል።

ኅዳር ገባ ሲል ችግኙ ወደ ማሳው ይዛወራል። የግብርና ባለሙያው ርቀቱን አስተምሮናል፦ በተክልና በተክል መካከል 10 ሴንቲ ሜትር፣ በመስመርና በመስመር መካከል 20፣ በየሁለት መስመሩ ደግሞ ለውሃ መሄጃ 40። ቢሮ ቁጭ ብዬ ሳሰላው በአንድ ጥማድ ላይ ከ80 ሺህ በላይ ችግኝ ይሆናል፤ አንድ በአንድ፣ በእጅ፣ ተጎንብሶ። ስሌቱን ይዤ ሄጄ ለአማቴ ባለቤት ነገርኳቸው፤ እኔም እንደ ልጆቻቸው አባባ ነው የምላቸው። "ጎበዝ" አሉኝ። "አሁን ቁጥሩን ተወውና ትከል።"

ድሮ ወንፈሉ ሙሉ ነበር ይላሉ። ዛሬም ጎረቤት ይመጣል፣ ነገ እኛ እንሄዳለን፤ ወጣቱ ግን ሳስቷል። በሐምሌ 2009 ዓ.ም. የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ወዲህ የሰፈሩ ልጅ ጥላ ሥር ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ያምረዋል፤ አልፈርድበትም፣ ጥላ እኔም ያምረኛል። በዚህ የተነሳ ጉድለቱን የምሞላው እኔ ነኝ። የአማቴ ሒሳብ ቀላል ነው፦ ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጦ የከረመ ወገብ አልደከመም።

ውሃው ግን የወገብ ጉዳይ አይደለም፣ ፖለቲካ ነው። አባባ የውሃ አባት ናቸው። የቦዩ ተጠቃሚዎች ናቸው የመረጧቸው፤ ተራ ያስይዛሉ፣ ጠብ ያበርዳሉ፣ በጠረጋው ቀን የቀረውን ይቀጣሉ። የተመረጡ ዕለት ባለቤቴ እልል አለች። አማቴ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩና ዝም አሉ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው። አባባ "አደላ" እንዳይባሉ የራሳቸውን ማሳ የተራው መጨረሻ ላይ አስገቡት። ተራችን የሚደርሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እሱም ከላይ ያለው ሰውዬ ውሃውን ወደ ራሱ ማሳ እንደመለሰ እንቅልፍ ካልወሰደው።

"ሰው ሹም አግብቶ ይበላል" ይላሉ አማቴ፣ "እኔ ሹም አግብቼ ደረቅሁ!"

አባባ ለዚህ መልስ የላቸውም። አካፋቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይወጣሉ፤ እኔ ባትሪ ይዤ እከተላለሁ። ውሃው በጨለማ ሲመጣ ከመታየቱ በፊት ይሰማል፤ በደረቀው ቦይ ውስጥ ቅጠል፣ ገለባና የተደናገጠ ፌንጣ ወደፊት እየገፋ፣ እያመነታ ይደርሳል። አባባ የአንዱን ትልም አፍ በሁለት አካፋ ጭቃ ይደፍኑና የሚቀጥለውን በአንድ ምት ይከፍታሉ። ጠጥቶ የጠገበውን ትልም በእግራቸው ነው የሚያውቁት፤ ጫማቸውን አውልቀው ጭቃው ቁርጭምጭሚታቸውን ሲነካ "በቃው" ይላሉ። የእኔ ሥራ ማብራት ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አስተያየት አያጣውም፦ "ልጄ፣ ወደ ውሃው አብራ፤ ኮከቡ የራሱ መብራት አለው።"

የ2014 ዓ.ም.ን በጋ በዚህ ወግ አላስገባውም። ጥቅምት ላይ የሰሜኑ ጦርነት ከሁለቱም ከተሞች ሲደርስ ችግኙ መደቡ ላይ ቀርቶ የተዛወረው ሰው ነበር። ይኸው ነው፤ ወደ ሽንኩርቱ እንመለስ።

ጥር ላይ ሽንኩርት ገና ክብር አለው። ሰርግ አለ፤ ለሰርግ የሚከተፈው ሽንኩርት ሰፈሩን ሁሉ ያስለቅሳል፣ ደላላውም "ወንድሜ" ይለናል። የካቲት ሲገባ ግን የእኛም፣ የሐርቡም፣ የቆቦም ሽንኩርት አብሮ ይደርሳል። ያኔ ደላላው ስልክ ማንሳት ያቆማል። ሲያነሳም "ገበያው ጠግቧል፣ አይሱዙው አልተመለሰም፣ እስኪ ነገ ልደውል" ነው። ይህን ሲል ከመንገዱ ማዶ ካለው ሻይ ቤት ተቀምጦ እናየዋለን፤ እሱም ያየናል። እጁን ያወዛውዝልናል፣ ወሬውን ግን አያስተካክልም።

እንግዲህ ሽንኩርት ሰው የሚለምንበት ወር ይኼ ነው። መሬት ውስጥ ቢቆይ ውሃ ይጠጣል፣ ቤት ቢገባ ያጎነቁላል፣ ተከምሮ ቢያድር ይበሰብሳል። ስለዚህ አማቴ ማደል ይጀምራሉ። ለክትባት የመጣችው የጤና ባለሙያ፣ መንገድ የጠፋው ባጃጅ፣ የጠፋች ፍየል ሊጠይቅ አጥር ላይ ብቅ ያለ ሰው፤ ሁሉም በሽንኩርት ይሸኛል። ከግቢያችን ባዶውን የሚወጣ ጅብ ብቻ ነው፤ እሱም አማቴ በተኙበት ሰዓት ስለሚመጣ። ዘመድማ ወሩን ከግብርና ባለሙያው በላይ ያውቀዋል። ዓመቱን ሙሉ ድምፁ ያልተሰማ የአጎት ልጅ የካቲት ላይ "በዚህ ሳልፍ ናፈቃችሁኝ" ብሎ ይገባል። ናፍቆቱን አላስተባብልም፤ የታጠፈ ማዳበሪያ ግን ከብብቱ አይጠፋም።

ባለቤቴና ቤተሰቧ ሙስሊሞች ናቸው፤ እኔና እናቴ ክርስቲያን። ይህ ወሎ ውስጥ ወሬ አይሆንም። ሥጋ ሲሆን ድስቱ ሁለት ነው፣ ማን አረደው ይባላል። ጎመንን ግን ማን እንዳረደው የሚጠይቅ የለም። የቤታችን ሰላም የቆመው በአትክልት ነው ብል አላጋነንኩም። በ2017 ዓ.ም. ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ፤ ሰኞ የእኔ፣ ቅዳሜ የእነሱ። አማቴ የሁለቱን ሃይማኖት አቆጣጠር ከቄሱም ከሼሁም በላይ የተከታተሉት ያን ዓመት ነው። በአንድ ወገን 55 ቀን ሙሉ በሽንኩርትና በቲማቲም የሚውል የሽሮና የምስር ወጥ፣ በሌላው ወገን በየማታው የሚጠበስ ሳምቡሳ። "አላህ ለሽንኩርቴ ብሎ ነው ያገጣጠማቸው" አሉ። ዋጋው ያሰቡትን ያህል ባይሰቀልም፣ ሽንኩርቱ ቢያንስ ለልመና አልወጣም።

የተቸገርኩ እኔ ነኝ። ከቀትር በኋላ ጾሜን ስፈታ አማቶቼ ቤት ምድጃ አይነድም፤ ማታ ምድጃው ሲነድ ሾርባው ሥጋ አለበት። በመካከል ያስታረቀን የምስር ሳምቡሳ ነው። ስንት እንደበላሁ አልቆጠርኩም፤ አማቴ ግን ቆጥረዋል።

መጋቢት ላይ ሰማዩ ይከብዳል። የበልግ ዝናብ ወሎ ውስጥ የዋዛ ነገር አይደለም፤ የቀረባቸውን ዓመታት ሽማግሌዎቹ በስም ነው የሚያስታውሷቸው። ማሽላውን ሊዘራ ሰማይ ሰማይ የሚያየው ጎረቤት ወዳጃ ይጠራል። ቡናው ይፈላል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው "ዝናቡን በራህመት አውርድልን!" ይላሉ። "አሚን!" ይባላል። አማቴም ከሁሉ ጮክ ብለው "አሚን!" ይላሉ። ችግሩ ግቢያችን ውስጥ ያለው ነው፤ የተነቀለው ሽንኩርት መሬት ላይ ተሰጥቶ አንገቱ እስኪደርቅ እየጠበቅን ነው። አንድ ጠብታ ካረፈበት አለቀለት። አጠገባቸው የተቀመጠችው ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ አማቴ ከ"አሚን" በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ከሐሙስ በኋላ" ብለው ጨመሩ።

ዝናቡ ረቡዕ መጣ።

አባባ አልተገረሙም። "እነሱ ብዙ ናቸው፣ እኛ አንድ ነን፤ በድምፅ ተበለጥን" አሉ፣ ሸራ እየጎተቱ። ያን ሌሊት ሽንኩርቱ መኝታ ቤት ገባ፣ እኛ በረንዳ ወጣን። ጎረቤታችን በነጋታው ሊያመሰግኑ መጡ። "ዱዓችሁ ሰምሯል!" ብለው የአማቴን ትከሻ ሳሙ። አማቴ ፈገግ ለማለት ሲታገሉ ማየት ለእኔ ከዝናቡ የበለጠ ነበር።

ስለ ቲማቲም ብዙ አልናገርም፤ ያመኛል። በጋ ላይ ከደቡብ አሜሪካ ተነስታ፣ በስፔን በኩል ዞራ፣ ወደ እኛ አገር በ2004 ዓ.ም. ገደማ የገባችው ቱታ አብሶሉታ የምትባል የእሳት እራት አለች፤ ትሏ ቅጠሉንም ፍሬውንም እየቦረቦረች ትገባለች። ባለሙያው ስሟን ሲነግራቸው አባባ "ቱታ ለብሳ ነው የምትመጣው?" ብለው ጠይቀዋል። ክረምት ላይ ደግሞ እሷ ቀለል ስትል ቅጠል የሚያጠቁረው በሽታ ይተካል። በመሀል የሚተርፈው ቲማቲም ነው እንግዲህ ሐረጎ ላይ የሚያለቅሰው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዓለም ይገለበጣል። ሽንኩርት ከገበያ ይጠፋል፣ ዋጋው ይሰቀላል፣ ሽንኩርት አብቃይዋ አማቴም ሽንኩርት ገዢ ይሆናሉ። በኪሎ! የሚገዙት ግን ከሰፈር ጉሊት አይደለም፤ እዚያ የምትቸረችረው ሴትዮ የካቲት ላይ ከእጃቸው በነጻ የወሰደች ናት። ስለዚህ ሻሻቸውን ግንባራቸው ድረስ አውርደው፣ ሁለት ሰፈር አቋርጠው፣ የማያውቃቸው ሰው ዘንድ ሄደው ይከራከራሉ። ያኔ እናቴ ከላይ ሆና ትነግሣለች። ጎመኗ ቅጠሉ ሰፍቷል፣ ድንቿ ደርሷል። ጆንያውን እስከ አፉ ሞልታ ታሸክመኛለች፤ መልእክትም ትጨምርበታለች፦ "ለእማማ ሰላም በልልኝ። ሽንኩርት ካስፈለጋቸው ደግሞ ሰኞ ገበያ ዋጋው ትንሽ ይሻላል፣ እኔ እገዛላቸዋለሁ።" ጎመኑን አደረስኩ። መልእክቱን ሐረጎ ላይ ጣልኩት።

በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ፣ ቀይ ሽንኩርት በኪሎ ከመቶ ብር ባለፈበት ሰሞን፣ አባባ ቤተሰቡን ሰበሰቡ። ንግግራቸው በሳል ነበር። ሁላችንም አንድ ነገር ስለምንተክል ነው የምንወድቀው፤ ዘንድሮ ካሮትና ቀይ ሥር እናብዛ፣ ጥቅል ጎመንም እንሞክር፣ ሽንኩርቱን በግማሽ እንቀንስ አሉ። ሁላችንም ተስማማን። አማቴ ሳይቀሩ ራሳቸውን ነቀነቁ። አባባ ወደ በሩ ሸኙኝና ከአጥሩ ውጪ ሲደርሱ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ "ዋጋውን አይተሃል አይደል?" አሉኝ በሹክሹክታ። "ጎረቤት እንዳይሰማ። ነገ ከዘር መሸጫው ሁለት ጣሳ የሽንኩርት ዘር ይዘህልኝ ና።"

በነጋታው በጠዋት ሄድኩ። ወረፋው በረንዳውን አልፎ አስፋልቱ ጋ ደርሷል። ከፊቴ የቆሙት ወዳጃ የጠሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ ሲያዩኝ ደንገጥ አሉና "የካሮት ዘር ፈልጌ ነው" አሉኝ። እኔም ካሮት ነው አልኳቸው። ከእሳቸው ፊት ያለው፣ ውሃውን ወደ ራሱ መልሶ የሚተኛው ሰውዬ፣ እሱም ለካሮት ነው የመጣው። ከእሱ ፊት ደላላው አለ፤ እሱ ምንም አላለም፣ እጁን ብቻ አወዛወዘልን። ባለሱቁ በሩን ሲከፍት ምን እንደምንፈልግ ማንንም አልጠየቀም፤ የሽንኩርት ዘሩን ጣሳ ባንኮኒው ላይ ደርድሮ "ለአንድ ሰው ሁለት ብቻ!" አለ። የካሮቱ ዘር ግን ከኋላው መደርደሪያ ላይ፣ ከነአቧራው፣ ያየውም አልነበረም።